ለኮረኮንችና ለጭቃ መንገድ የሞተር መፍቻ ቦርሳና መለዋወጫ አዘገጃጀት

ከከተማ ወጥቶ ኮረኮንች ላይ ሞተርን የሚያስቆሙት ነገሮች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። እሾህ የወጋው ጎማ፣ የተበጠሰ የፍሪሲዮን ካቦ፣ ሲወድቁ የተሰበረ የፍሬን እጀታ፣ የረጠበ ወይም የጠቆረ ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ የተበጠሰ ካቴና (ሰንሰለት)፣ ቆሻሻ የገባበት ካርቡሬተር። ዕቃው እጅ ላይ ካለ ሁሉም መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚጠገን ነው። ዕቃው ከሌለ ደግሞ ይኸው ትንሽ ብልሽት ሞተሩን እስከሚቀጥለው ከተማ ድረስ እየገፉ መሄድ ማለት ነው። ክትባት ይዞ ቀበሌ የሚወርድ የጤና ሠራተኛ የበረዶው ሣጥን ሰዓት እየቆጠረበት ነው፤ ላም ልትወልድ ተቸግራ የተጠራ የእንስሳት ሐኪምም እንዲሁ። ስለዚህ የመፍቻ ቦርሳ ጉዳይ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

መመሪያው በሥራም ሆነ በፍቅር ከአስፋልት ውጭ ሞተር ለሚነዱ ሁሉ ነው። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት በገጠር ሥራ ላይ ከሚታወቁት ከ100 እስከ 200 ሲሲ ሞተሮች፣ ማለትም ከያማሃ ኤጂ እና ዲቲ፣ ከሆንዳ ኤክስኤል እና ኤክስአር ነው። አካሄዱ ግን ለሌላውም ይሠራል።

አንድ ነገር ከሁሉ አስቀድሜ ላሳስብ። የዕቃ ዝርዝር ከሰው አትቅዱ፤ ከገዛ ሞተራችሁ ላይ አንብቡት። ሱቅ ውስጥ በሚያምር ፕላስቲክ ሣጥን ተደርድሮ የሚሸጠው የመፍቻ ስብስብ ግማሹ የእናንተን ሞተር አንድም ብሎን አይነካም፤ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ቁልፍ ደግሞ ውስጡ የለም።

1. ብሎኖቹን ቁጠሩ

ሞተሩን እጠቡና ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ከፊት ጎማ ጀምሩ። የምታገኙትን እያንዳንዱን ብሎንና ዳዶ በየትኛው ቁጥር ቁልፍ እንደሚፈታ እየሞከራችሁ ጻፉ። የጃፓን ሞተር ላይ በአብዛኛው 8፣ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ይመጣል፤ ጎማውን ሰቅሎ የያዘው ረጅሙ ፐርኖ ደግሞ እንደ ሞተሩ 19፣ 22 ወይም 24 ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ ሥሪት ከሆነ 13 በብዛት ትገባለች፣ ፐርኖው ከ27 በላይ ሊሄድ ይችላል። ከዚህ በፊት በሌላ እጅ የነበረ ሞተር ከሆነ የተቀየሩ ብሎኖች ስለማይጠፉ በግምት አትለፉ።

ካንዴላው ራሱን የቻለ መፍቻ ይፈልጋል። ጥርሱ 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ካንዴላ የ21 ቁጥር፣ 12 ሚሊ ሜትር ለሆነው የ18 ቁጥር፣ 10 ሚሊ ሜትር ለሆነው የ16 ቁጥር ቡሶላ ነው። መፍቻው ካንዴላው ላይ መድረሱን ሰርባቶዮው (የቤንዚን ጋኑ) ሳይነሳ ሞክሩ። በአንዳንድ ሞተር ላይ ቡሶላው ልክ ሆኖ ሳለ እጀታው ከቻሲው ጋር እየተጋጨ አይዞርም፤ ይህን ማወቅ ያለባችሁ ቤት ሆናችሁ ነው።

ባለ መስቀል ካቻቪቴም እንዲሁ በጥንቃቄ ይመረጥ። የጃፓን ሞተሮች መስቀል ብሎን ከተለመደው መስቀል ካቻቪቴ ጫፍ ጋር በቅርጽ ትንሽ ይለያያል። ልክ ያልሆነው ካቻቪቴ ብቅ እያለ የብሎኑን ራስ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ የካርቡሬተሩን ሣህን ለመክፈት መከራ ነው። ከሞተሩ ጋር ከፋብሪካ የመጣችው ትንሿ ካቻቪቴ ካለች አትጣሏት፤ ብዙ ጊዜ ከምትገዙት ትሻላለች።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ዕቃዎቹን ብቻ ሰብስቡና የሚቀጥለውን የሰርቪስ ሥራችሁን በእነሱ ብቻ ሥሩ። ጎማ አውልቁ፣ ካቴና አጥብቁ፣ ካንዴላ ፍቱ፣ ፊልትሮ አውጡ፣ ካቦ ቀይሩ። ከሳሎን የቤት መፍቻ ለማምጣት በተነሳችሁ ቁጥር ያ ዕቃ ቦርሳው ውስጥ ይጎድላል ማለት ነው። ሥራው አልቆ ያልተነካ ዕቃ ካለ ደግሞ አውጡት። የዚህን ያህል ቦርሳን የሚያስተካክል ሥራ የለም።

2. ሣጥኑንና ቦርሳውን ለዩ

ሁሉንም ዕቃ ሞተር ላይ መጫን ስህተት ነው። ክብደቱ አቀበት ላይ ኋላውን ይጎትታል፣ ሲወድቁም ሰውን ይጎዳል። ዕቃውን ሁለት ቦታ ክፈሉት።

ሣጥኑ ቤት፣ ቢሮ ወይም ተከታይ ፒክአፕ ላይ የሚቀር ነው። መዶሻ፣ ትልቅ ፖምፓ፣ ሴጌቶ፣ ሊማ፣ ሙሉ የቡሶላ ስብስብ፣ አንድ ሊትር የኢንጅን ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ግራሶ፣ የፍሬን ሸራ፣ ተለዋጭ ካቴና፣ ኩሽኔታዎች እዚህ ይገባሉ። ከቆርቆሮ የተሠራ ጠንካራ ሣጥን ከፈለጋችሁ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ልክ ሰጥቶ ማሠራት ይቻላል፤ ቀጭኑ ፕላስቲክ በፒክአፕ ጀርባ ላይ ብዙ አይቆይም።

ቦርሳው ከእናንተ ጋር የሚወጣው ነው። እዚያ የሚገባው ዕቃ አንድ ጥያቄ ይመልስ፤ ይህ ዕቃ ባይኖር ሞተሩ እዚያው ይቆማል ወይ? መብራት ባይበራ በቀን ይደረሳል፤ ፍሬቻ ባይኖር ይደረሳል። ያለ ከነመዳሪ (ጎማው ውስጥ ንፋስ የሚይዘው ላስቲክ) ግን አይደረስም።

3. የጎማ ዕቃ

ከማንኛውም ብልሽት በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ ስለዚህ የቦርሳው ትልቁ ድርሻ የጎማ ነው። አፋር ውስጥ የፕሮሶፒስ እሾህ፣ ቦረና ውስጥ የግራር እሾህ፣ ደጋ ላይ ደግሞ የተሳለ ድንጋይ አለ። የሚያዘው፦

ሁለት ወይም ሦስት የጎማ መፈልቀቂያ ብረት። ከ25 ሴንቲ ሜትር ያነሰ አጭር ብረት ጉልበት ይጨርሳል። ጫፋቸው የተሳለ ከሆነ በሊማና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ስለታም ጫፍ አዲሱን ከነመዳሪ ገና ሲገባ ይቀደዋል።

አንድ አዲስ ከነመዳሪ። እንደ ዲቲ እና ኤክስኤል ያሉ ሞተሮች በአብዛኛው ፊት 21 ኢንች፣ ኋላ 18 ኢንች ናቸው። ሁለቱንም መያዝ ካልተቻለ የፊቱን 21 ያዙ። የ21ዱ ከነመዳሪ በችግር ጊዜ ተለጥጦና ትንሽ ተጣጥፎ 18ቱ የኋላ ጎማ ውስጥ ይሠራል፣ እስከ ጎሚስታ ያደርሳል። የ18ቱ ግን 21 ውስጥ በቂ አይሆንም። ከካርቶኑ አውጡት፣ ፓውደር ነስንሱበት፣ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልላችሁ እሰሩት።

ሁለት ያልተከፈተ ማስቲሽ፣ መለጠፊያ ላስቲኮች፣ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት። ማስቲሽ አንዴ ከተከፈተ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቱቦው ውስጥ ይደርቃል፤ ቆላ ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ አንዱን ትልቅ ከመያዝ ሁለት ትንንሽ ይሻላል።

ትንሽ የእጅ ፖምፓ። ቀጭኗ የብስክሌት ፖምፓ ጊዜ ትወስዳለች እንጂ ትሠራለች። ቱቦዋ የሞተራችሁ ንፋስ መሙያ አፍ ላይ የሚገባ መሆኑን ቤት ሞክሩ። ከእሷ ጋር ንፋስ መለኪያና በአፉ ውስጥ የምትሽከረከረውን ትንሽ መርፌ መፍቻ ጨምሩ።

አሠራሩን የማያውቅ ሰው ዕቃውን ቢይዝ ስለማይረባው በቅደም ተከተል ልናገር። ሞተሩን በድንጋይ ወይም በእንጨት ደግፋችሁ ጎማውን አንሱ፣ ፐርኖውን አውጡ። ሮንዴላዎቹና ቱቦ መሳይ መለያዎቹ በየትኛው ጎን እንደነበሩ አስተውሉ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ። መርፌዋን ፈታችሁ ንፋሱን ጨርሱ። ጎማው ከቸርኬው (ጎማውን ከያዘው ክብ ብረት) ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ካለ መሬት ላይ አስተኙትና የሌላ ሞተር ማቆሚያ እግር የጎማው ጠርዝ ላይ አሳርፋችሁ ሞተሩን ወደዚያው ጎን አዘንብሉት፤ ይላቀቃል።

አሁን ምስጢሩ። ቸርኬው መሃሉ ላይ ጎድጎድ ያለ ነው። በብረት ከምታነሱበት ትይዩ ያለውን የጎማ ጠርዝ በጉልበታችሁ ተጭናችሁ ወደዚያ ጎድጓዳ አስገቡት። ይህ ሲሆን በዚህኛው ጎን ጎማው ይላላና ያለ ብዙ ጉልበት ይወጣል። ጎማ ሲከፍቱ የሚያልባቸውና ብረት የሚያጣምሙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ይህንን የረሱ ናቸው።

ከነመዳሪውን አውጥታችሁ ነፉት፣ ቀዳዳውን በጆሮ፣ በከንፈር ወይም በውኃ ፈልጉ። ቀዳዳው ሲገኝ ከነመዳሪውን ከጎማው ጋር አስተያዩትና እሾሁ የት እንዳለ ገምቱ፤ ከዚያ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። በባዶ እጅ አይሁን፤ ያው እሾህ ጣትን ይወጋል። እሾሁ ካልወጣ አዲሱ ከነመዳሪም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይወጋል።

ልትለጥፉ ከሆነ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር ፍቁት፣ ማስቲሹን ከመለጠፊያው ሰፋ አድርጋችሁ በስሱ ቀቡትና ጠብቁ። በጣት ጀርባ ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን ይድረቅ። መለጠፊያው ከመሃል ወደ ዳር በኃይል ይጫን። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ መንገድ ላይ ይነሳል። ዝናብ ላይ ከሆናችሁ መለጠፉን ተዉትና አዲሱን ከነመዳሪ አስገቡ፤ የተቀደደውን ማታ ደረቅ ቦታ ትለጥፉታላችሁ።

ሲገባ ከነመዳሪው ክብ ቅርጽ እስኪይዝ ትንሽ ንፋስ ይኑረው፣ አለዚያ በብረቱና በቸርኬው መካከል ይቆረጣል። ጎማውን ስትመልሱ መሙያው አፍ ባለበት ጨርሱ፤ ከመጨረሻው በፊት አፉን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ ከነመዳሪው ጠርዝ ሥር አለመያዙን አረጋግጡ። አፉ ላይ ያለችውን ዳዶ ቸርኬው ድረስ አታጥብቋት፤ ወደ ክዳኗ አስጠግታችሁ ተዉአት። ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ከነመዳሪውን ሲጎትት አፉ ያዘነብላል፣ በዓይን ይታያል፣ በጊዜ ይስተካከላል። ዳዶዋ ጠብቃ ከሆነ ግን አፉ ከሥሩ ይበጠሳል፤ ያ ደግሞ አይለጠፍም።

4. ካቦና እጀታ

የፍሪሲዮን ካቦ ከመበጠሱ በፊት ይናገራል፤ ጫፉ ላይ አንድ ሁለት ቀጭን ሽቦ ተነቅሎ ጣት ይወጋል። ያን ካያችሁ ለሥራ አትውጡበት።

ተለዋጭ ካቦ ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ጫፍና ጫፉን በዘይት ነክራችሁ በናስትሮ ሸፍኑት፣ ከዚያ ከነባሩ ካቦ ጎን ለጎን በዚያው መንገዱ ዘርጉትና በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩት። ነባሩ ሲበጠስ ሰርባቶዮ ሳታነሱ ሁለቱን ጫፍ ቀይራችሁ ትሄዳላችሁ። ቦርሳውም ይቀልላል። የነዳጅ መስጫውን ካቦም በዚሁ መንገድ ማዘጋጀት ይቻላል። ዘርግታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ መሪውን ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው አዙሩ፤ ካቦው የሚወጠር ወይም መሪውን የሚይዝ ከሆነ አስተካክሉ።

በጣት የሚጨበጡት የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎች ከውድቀት በኋላ መጀመሪያ የሚሰበሩት ናቸው። ሁለቱንም ያዙ፣ ከነብሎናቸው። ስብራቱን ለመቀነስ ደግሞ እጀታውን መሪው ላይ የያዙትን ብሎኖች በመጠኑ አላሉ፤ በነጂ እጅ የማይንቀሳቀስ፣ መሬት ሲመታ ግን የሚዞር ልክ አለው። ጠርቅሞ የታሰረ እጀታ ይሰበራል፣ የሚዞረው ይተርፋል።

የማርሽ ፔዳል ተለዋጭ መያዝ አያስፈልግም። ተቆልፎ የሚቀር ፒንሳ ካላችሁ የፔዳሉ ዘንግ ላይ ነክሶ እንደ ማርሽ ያገለግላል። ይህ ፒንሳ ሌላም ብዙ ሥራ ስላለው ከተራ ፒንሳ ይልቅ እሱ ቦርሳው ውስጥ ይግባ።

5. ካቴና

ኤጂ 100 ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ስለተዘጋ ከጭቃና ከአቧራ የተጠበቀ ነው፣ የባለ እሱ ቦርሳ በዚህ በኩል ቀላል ይሆናል። ሌሎቻችን ሁለት የካቴና ማገናኛ ከነመቆለፊያው፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓይን ያለው ቁራጭ ካቴናና ትንሽ የካቴና ሚስማር ማውጫ እንይዛለን። የካቴናው ቁጥር ጎኑ ላይ ተቀርጿል፤ በ125 ሲሲ አካባቢ ባሉ ሞተሮች ላይ በብዛት 428 ነው፤ ከፍ ባሉት 520 ይመጣል። ማገናኛውን በዚሁ ቁጥር ግዙ፣ የተለያየ አይገጥምም።

ማገናኛው ሲገባ የመቆለፊያው የተዘጋው ራስ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር፣ የተሰነጠቀው ጅራት ወደ ኋላ ይሁን። በተቃራኒው ከገባ ድንጋይና ቁጥቋጦ ገፍቶ ያስወጣዋል።

6. እሳት፣ ቤንዚንና አየር

በትክክለኛው ቁጥር የተገዛ አዲስ ካንዴላ ያዙ። ክፍተቱን ከመውጣታችሁ በፊት ለኩት። ሁለት ምት ኢንጅን ላላቸው፣ ለዲቲ እና ለኤጂ 100፣ ሁለት ካንዴላ ይሁን። እነዚህ ዘይት ስለሚያቃጥሉ ካንዴላ ያጠቁራሉ፤ ከፍታው ሲጨምር ደግሞ ይብሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ሲወርዱ ያው ኢንጅን ይነቃል። ለሁለት ምት ሞተር ዘይትም አትርሱ። የዘይት ጋኑ ለብቻ የሆነው እዚያው ይሞላበታል፤ ከቤንዚን ጋር የሚደባለቅለት ከሆነ ደግሞ በ1 ለ 50 ልክ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። መለኪያ እንዲሆን የመድኃኒት ስሪንጅ ቦርሳው ውስጥ ይኑር።

ማደያ በሌለበት ቤንዚን የሚገኘው መንገድ ዳር በሃይላንድ ነው። ውኃና ደለል ሊኖርበት ይችላል። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ከሥሩ የተለየ መስመር እንዳለ እዩ፤ ካለ የታችኛውን አትቅዱ። ትንሽ ማንቆርቆሪያና ጥቅጥቅ ያለ ንጹህ ጨርቅ ያዙ። ይህም ሆኖ ቆሻሻ ካርቡሬተር ውስጥ ከገባ ከሣህኑ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ፍቱ፤ ጥቂት ቤንዚን ሲፈስ ውኃውም አብሮ ይወጣል። ብሎኗ በየትኛው ካቻቪቴ እንደምትፈታ በደረጃ አንድ ላይ ጽፋችኋል።

የስፖንጅ ፊልትሮ ባለው ሞተር ላይ፣ በበጋ አቧራ ለብዙ ቀን የምትወጡ ከሆነ፣ ታጥቦ ዘይት የተቀባ ሁለተኛ ፊልትሮ በታሸገ ላስቲክ ያዙ። ስፖንጅ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በዘይት ይታሻል፣ ይጨመቃል። በቤንዚን አትጠቡት፤ ስፖንጁን ይበላዋል፣ ለእሳትም አደገኛ ነው።

ወንዝ ውስጥ ወድቆ የሰመጠ ሞተር ካለ እንዳታስነሱት። ውኃ አይታመቅምና አንድ ምት ብቻ ኢንጅኑን ሊያጣምመው ይችላል። ካንዴላውን አውጡ፣ ቁልፉን አጥፉ፣ በእግር ማስነሻው እየመታችሁ ውኃውን አስወጡ። ፊልትሮውን ጭመቁ፣ ካርቡሬተሩን አፍስሱ፣ ደረቁን ካንዴላ አስገቡ። ከዚያ በፊት የኢንጅኑን ዘይት እዩ፤ እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ውኃ ገብቶበታልና ዘይቱ ሳይቀየር አይነዳ። ቦርሳችሁ ውስጥ ለዚህ የሚውል ደረቅ ጨርቅ በላስቲክ ታሽጎ ይቀመጥ።

7. ትናንሽ ነገሮች

ለስላሳ ሽቦ፣ ናስትሮ፣ የተለያየ መጠን ያላቸው የፕላስቲክ ማሰሪያዎች፣ ፋሼታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት)፣ ቁራጭ የቤንዚን ቱቦ፣ ፊውዝ፣ የ6 እና የ8 ሚሊ ሜትር ብሎንና ዳዶ ጥቂት ጥቂት። ናስትሮውን ከነክቡ አትያዙ፤ በፖምፓው እጀታ ላይ ጠቅልሉት። በሁለት ክፍል የሚቀላቀል የብረት ማጣበቂያ ደግሞ በድንጋይ ተመትቶ ዘይት የሚያንጠባጥብ ካርተር (የኢንጅኑ የታችኛው አካል) ያድናል። ቦታው በቤንዚን ካልታጠበ ግን አይዝም፤ ከተለጠፈም በኋላ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያጣ ሰው ዘይቱንም ኢንጅኑንም ያጣል።

ከአራት እስከ አምስት ሜትር ጠንካራ ገመድ ይኑር። የሚጎተተው ሞተር ላይ ገመዱ ፈጽሞ አይታሰር። በእግር ማሳረፊያው ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ጫፉ በጫማ ይረገጥ፤ አደጋ ሲመጣ እግር ሲነሳ ገመዱ ይለቃል።

የራስ ባትሪ፣ ውኃ፣ ፋሻና የቁስል ማጽጃ ከመፍቻው ጋር ሳይሆን ለብቻው በንጹህ ከረጢት ይያዝ።

8. እንደ ወቅቱና እንደ ቦታው ለውጡ

ክረምት ላይ ወደ እነዋሪና ጅሩ የሚወጣ ሰው ጠላቱ መረሬው ነው። ጥቁሩ ጭቃ በጎማውና በፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ባለው ጭቃ መከላከያ) መካከል ታጭቆ ጎማውን ያቆመዋል። ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ሰፋ ያለ የፕላስቲክ መፋቂያ ከየትኛውም ቁልፍ በላይ ይጠቅማል። ዝቅ ያለ ፓራፋንጎ ያለበት ሞተር ከሆነ መፍቻው በቀላሉ የሚደረስበት ኪስ ውስጥ ይሁን፤ አውልቃችሁ ኋላ ማሰር ሊኖርባችሁ ነው። የዲስክ ፍሬን ያላቸው ደግሞ ተለዋጭ የፍሬን ሸራ ይያዙ። አሸዋ የተቀላቀለበት ጭቃ ሸራን በአንድ ቀን ሊጨርስ ይችላል።

በጋና ቆላ ከሆነ ማስቲሹና መለጠፊያው ይብዛ። ድንጋያማ አገር፣ እንደ ሰቆጣና ላሊበላ ዙሪያ፣ የቸርኬ ሽቦ ማጥበቂያዋ ትግባ።

በቡድን ስትወጡ ዕቃውን ተከፋፈሉ። አንድ ፖምፓ፣ አንድ የካቴና ሚስማር ማውጫ፣ አንድ ገመድ ለሦስት ሰው ይበቃል። ከነመዳሪ፣ ካንዴላና እጀታ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ይያዝ፤ የአንዱ ሞተር ለሌላው አይሆንም።

9. አስተሻሸግ

ኮረኮንች ላይ ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ ቦርሳውን እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል፤ ከነመዳሪውን በስቶ፣ ካንዴላውን ሰብሮ ታገኙታላችሁ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳችሁ ከሸራ ጨርቅ ባለ ብዙ ኪስ፣ የሚጠቀለል መያዣ አሰፉ። እያንዳንዱ ኪስ ላይ የቁልፉን ቁጥር በማይጠፋ ቀለም ጻፉ። ሥራው አልቆ ስትጠቀልሉ ባዶ ኪስ ካለ ቁልፉ ሣሩ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ከዕቃው ጋር አንድ ሰፋ ያለ ደማቅ ጨርቅ አጣጥፉ፤ መሬት ላይ ተነጥፎ የተፈቱ ዳዶዎችና ሮንዴላዎች ሁሉ እዚያ ይቀመጡበታል።

ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ሞተሩ መሃል አስጠጉ። ከኋላ መብራቱ አልፎ የተንጠለጠለ ክብደት አቀበት ላይ የፊት ጎማውን ያነሳዋል። ከነመዳሪው ፊት ለፊት ፓራፋንጎ ላይ ሊታሰር ይችላል፣ ፓራፋንጎው ከፍ ያለ ከሆነና ጎማውን የማይነካ ከሆነ ብቻ። ጭስ ማውጫው አጠገብ ምንም አይቀመጥ።

መፍቻና ፒንሳ በጀርባ ቦርሳ አትያዙ። በጀርባ ሲወደቅ ያ ብረት የሚያርፈው አከርካሪ ላይ ነው። ጀርባ ላይ ውኃ፣ ዳቦና የዝናብ ልብስ ይሁን።

10. ከመውጣት በፊትና ከተመለሱ በኋላ

መለዋወጫ ስትገዙ አሮጌውን በእጃችሁ ይዛችሁ አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሱማሌ ተራ፣ ግቡ። የሞተሩን ስም ብቻ መናገር አይበቃም፤ በአንድ ስም የተለያየ ዘመን ሥሪት አለና እጀታው ሁለት ሚሊ ሜትር ተለያይቶ አይገባም። የገዛችሁትን እዚያው አስተያዩ፣ ቤት ስትደርሱ አንድ ጊዜ ሞተሩ ላይ ገጥማችሁ ሞክሩና መልሳችሁ አውጡት። አዲሱን እጀታ ሞተሩ ላይ ትታችሁ የቆየውን መለዋወጫ ብታደርጉት ይበልጥ ጥሩ ነው፤ የሚገጥም መሆኑ በሥራ ተረጋግጧል።

ሊወጣ ሲል ማለዳ የሚታዩት ጥቂት ናቸው። የጎማ ንፋስ፣ የካቴና ልልነት፣ የዘይት መጠን፣ የፐርኖ ዳዶ፣ የቸርኬ ሽቦ፣ የቦርሳው ማሰሪያ። ካቴናው ከሥር መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ሊንቀሳቀስ ይገባል፤ የሞተሩ መጽሐፍ ካለ በእሱ ሂዱ። በአስፈላጊ ዳዶዎች ላይ በጥፍር ቀለም ከዳዶው እስከ አካሉ አንድ መስመር አስምሩ፤ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል፣ በአንድ እይታ ይታወቃል።

ስትመለሱ ቦርሳውን የዚያኑ ዕለት ማታ ክፈቱት። እርጥብ ቁልፎችን አውጥታችሁ በዘይት ጨርቅ ጥረጉ፣ ሸራውን ፀሐይ ላይ አስጡ። የተለጠፈውን ከነመዳሪ ነፍታችሁ ውኃ ውስጥ ንከሩና አረፋ ካወጣ እንደገና ለጥፉት ወይም ጣሉት። ያወጣችሁት ካንዴላ፣ ያለቀው ናስትሮ፣ የተከፈተው ማስቲሽ በአዲስ ይተካ፤ የተተካው ነገር ቦርሳው ውስጥ ሳይገባ ሞተሩ ከግቢ አይውጣ።